ዑሙልኸይር የመረጠችው ራውተር

ዑሙልኸይር ጃዕፈርን ያወቀችው፣ አይታቸው የማታውቃቸውን አንዲት አሮጊት ባስለቀሰች ማግስት ነው።

ሥራዋ ማስተርጎም ነበር። ጭሮ ከተማ፣ ከእናቷ ቤት የጓሮ ክፍል ተቀምጣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ታደርግና፣ እንግሊዝ አገር ያሉ ሐኪሞች የሚናገሩትን በአፋን ኦሮሞ ለበሽተኞቻቸው፣ በሽተኞቹ የሚመልሱትን ደግሞ በእንግሊዝኛ ለሐኪሞቹ ታደርሳለች። ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ከተቀመጠች በኋላ ያገኘችው እንጀራ ነው። ስትቀጠር የማንንም በሽተኛ ምስጢር ላታወጣ ቃል ገብታ ፈርማለች። እናቷ ወይዘሮ ፋጤ እንኳ «ዛሬ ማን ነበር?» ብለው ሲጠይቋት «ሰው ነበር» ብላ ታልፋቸዋለች።

የዚያን ዕለት ሐኪሙ ለአንዲት አሮጊት ጡታቸው ላይ ስለወጣው እብጠት የምርመራ ውጤት እየነገራቸው ነበር። «ካንሰር አይደለም» አለ። ዑሙልኸይር ደስ ብሏት ወደ አፋን ኦሮሞ መለሰችው። «እብጠቱን መርምረውታል፤ ካንሰሪ…» አለች። የቀራት አንዲት ቃል ነበረች፤ «ሚቲ»። አይደለም ማለት ነው። «ሚቲ» ስትል ግን የምትናገረው ለራሷ ብቻ ነበር። መስመሩ ተቋርጧል።

ሮጣ ሳሎን ገባች። የኢንተርኔቱ ሳጥን ሲነኩት ያቃጥላል፤ መብራቶቹ ጠፍተዋል። አጠፋችው፣ አበራችው። ታናሽ እህቷ ኩብራ ፊልሟ ስለቆመባት «እኔ አልነካሁትም!» ብላ ጮኸች። በስልኳ ሞከረች፣ አልሆነም። መልሳ አሮጊቷን ያገኘቻቸው ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ነው። ሴትዮዋ እያለቀሱ የልጆቻቸውን ስም አንድ በአንድ ይጠሩ ነበር።

«ሚቲ! ሚቲ፣ እናቴ! ካንሰር አይደለም!» አለች ዑሙልኸይር፣ የአስተርጓሚነቷን ወግ ሁሉ ረስታ።

አሮጊቷ መረቋት። እሷ ግን ማዳመጫዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

በማግስቱ ሳጥኑን በፌስታል አንጠልጥላ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ ሄደች። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ላይ የተፈታቱ ስልኮችና የተጠቀለሉ ገመዶች ተሰቅለዋል። ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ጃዕፈር ይባላል። አዳማ ለአንድ ድርጅት ኔትወርክ ሲዘረጋ ኖሮ፣ አባቱ ሲታመሙ ነው ወደ ጭሮ የተመለሰው።

«አሰላሙ አለይኩም» አለችው። «ይሄ ነገር ይግላል፣ ከዚያ ራሱን ያጠፋል። የተሻለ ካለህ ልገዛ ነው።»

«ወአለይኩም አሰላም።» ሳጥኑን ተቀብሎ ገለበጠው። «ለምንድነው የምትጠቀሚበት?»

«ለኢንተርኔት ነዋ!»

«እሱማ ገባኝ። ሲቋረጥብሽ ምን ይቀርብሻል?»

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ስም ሳትጠራ፣ አገር ሳትጠቅስ፣ ስለዚያች አንዲት ቃል ብቻ ነገረችው። ጃዕፈር በእጁ የያዘውን መፍቻ ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«በኋላስ? ቃሏ ደረሰቻቸው?»

«ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ቀጥሎ መደርደሪያው ላይ ወደተደረደሩት አዳዲስ ሳጥኖች በእጁ አመለከተ። «ከእነዚህ አንዱንም አልሸጥልሽም።»

«ለምን?»

«ለፊልም ደህና ናቸው። ለአንቺ ሥራ ግን አላምናቸውም። ራውተር ማለት እኮ ምንም ተአምር የለውም፤ ከውጭ የመጣውን ለየባለቤቱ የሚያከፋፍል ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። ስለዚህ ትንሽ ኮምፒዩተር ፈልገን፣ ነጻ ሶፍትዌር ጭነን ራሳችን እንሥራው። ዋይፋዩን የሚረጭ ዕቃ ለብቻው ይሁን። ባትሪ እናድርግለት። ሲም ካርድ የሚገባበት ሞደም እንጨምርለት፣ መስመሩ ሲቋረጥ በዚያ በኩል ይሄድልሻል።»

«አንተ ትሠራለህ፣ እኔ እከፍላለሁ?»

«የለም» አለ ጃዕፈር። «አንቺ ትመርጫለሽ፣ እኔ እገጥማለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። ዑሙልኸይር ሥራዋን ስትጨርስ አመሻሽ ላይ በሱቁ በኩል ማለፍ ለመደች። በሩ ላይ ባለችው አግዳሚ ትቀመጣለች፤ እሱ ከባንኮኒው ወዲያ ሆኖ የሚያውቀውን ይዘረዝርላታል። መጀመሪያ ያሳያት ከአንድ ቢሮ የወጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ነበር። ሲያበራው ሱቁ በሙሉ ሆ አለ።

«ይሄማ ወፍጮ ቤት ነው!» አለችው እየሳቀች። «ሐኪሙ ‹እህል ልታስፈጪ ሄደሻል ወይ› ይለኛል።»

«ጉልበት ግን አለው።»

«መብራት ሲጠፋስ ባትሪው ስንት ሰዓት ያቆየዋል?»

ጃዕፈር አንገቱን አከከ። «ግማሽ ሰዓት… ቢበዛ።»

«እንግዲህ መብራት ግማሽ ሰዓት ብቻ እንዲጠፋ እንለምናቸዋለን።»

ዴስክቶፑ ቀረ። ማራገቢያ የሌለው፣ ድምፅ የማያሰማ፣ በአሥራ ሁለት ቮልት ባትሪ የሚሠራ፣ ሁለት የኬብል ቀዳዳ ያለው ትንሽ ኮምፒዩተር እንዲሆን ተስማሙ። አንዱ ቀዳዳ ከውጭ ለሚገባው መስመር፣ አንዱ ለቤቱ።

ሶፍትዌሩ ላይ ግን ተከራከሩ። ጃዕፈር የሚወደው ትልቁን ነበር፤ ስሙን ሲጠራ እንኳ ዓይኑ ይበራል። ላፕቶፑን አዙሮ አሳያት። ገጹ በሥዕላዊ መግለጫ፣ በቁጥርና በቀለም ተሞልቷል። ከዚያ ትንሹን፣ ኦፕን ወርት የሚባለውን አሳያት። እሱ ደረቅ ያለ ነው፣ ጥቂት መስመር ጽሑፍና ጥቂት ቁልፎች ብቻ።

ዑሙልኸይር ሁለቱንም ስታገላብጥ ቆየች። «አንተ የሌለህ ቀን ቢበላሽብኝ፣ እኔ ራሴ ፈትቼ ልገጥመው የምችለው የትኛውን ነው?»

«ትንሹን። ግን ትልቁ እኮ ብዙ ነገር ያደርጋል።»

«ብዙ ነገር አልፈልግም፣ ጃዕፈር። ቃሌ እንዲደርስልኝ ነው የምፈልገው።»

ቀና ብሎ አያት። ከሚገባው በላይ እንዳያት ሲገባው ዓይኑን ወደ ላፕቶፑ መለሰ። እሷም ሻርፗን አስተካከለች፣ የተበላሸ ነገር ባይኖረውም። ሚኒባሶቹ ላይ ረዳቶች «ሂርና! ሂርና!» እያሉ ይጣራሉ። ሁለቱም ያንን ጥሪ በጥሞና የሚያዳምጡ ይመስሉ ነበር።

ዕቃውን ለመግዛት ድሬዳዋ መሄድ ነበረባቸው። ወይዘሮ ፋጤ ይህን ሲሰሙ «ቶሌ፣ ደግ ነው፤ እኔም እህቴን ካየኋት ቆይቻለሁ» አሉና ተነሱ። ሚኒባሱ ውስጥ በሁለቱ መካከል ተቀመጡ። ሂርናን አልፈው የደንገጎን ቁልቁለት እስኪወርዱ ድረስ ጃዕፈር የቤተሰቡን ሁኔታ እስከ ሰባት ቤት ተጠየቀ። አባቱ በምን እንደታመሙ፣ ማን እንደሚያስታምማቸው፣ ሰላት በወቅቱ ይሰግድ እንደሆነ። ዑሙልኸይር በመስኮቱ በኩል ፊቷን አዙራ ሳቋን ዋጠች።

ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ አንድ ነጋዴ ሁለት ትናንሽ ኮምፒዩተሮች አውጥቶ ሁለቱንም ሰካላቸው። አንደኛው ፈጣን ነው፤ ጃዕፈር ልቡ እዚያ ላይ አረፈ። ወንበር ተሰጥቷቸው ቁጭ ያሉት ወይዘሮ ፋጤ ሲሰለቻቸው ተነሱና፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳስሱ ሁሉ የእጃቸውን ጀርባ ሁለቱ ላይ ተራ በተራ አሳረፉ።

«ይሄኛው ትኩሳት አለው» አሉ ፈጣኑን። «ያኛው ደህና ነው።»

ነጋዴው ሳቀ። ጃዕፈር አልሳቀም። እሱም ዳሰሰው፣ ትንሽ አሰበ። «እውነታቸውን ነው። ቆርቆሮ ክዳን ሥር ሚያዝያን አይችልም። ደግሞ ያ ሁሉ ጉልበት ለእኛ ቤት ይበዛል።»

«ለእኛ ቤት» ያለው ከአፉ ካመለጠ በኋላ ነው የተሰማው። ጆሮው ድረስ ቀላ። ወይዘሮ ፋጤ ገበያውን በሙሉ የሚገዙ ይመስል ወዲያ ወዲህ ማየት ጀመሩ። ዑሙልኸይር ግን ሁለተኛውን ኮምፒዩተር አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈችው። «እንግዲያው ይሄ ነው» አለች ቀስ ብላ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሳሎኑ ውስጥ ተሠራ። እሱ ገመድ ይቆርጣል፣ እሷ ትሰካለች፤ እሱ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች። የሐኪሞቹ ጥሪ ከሁሉ እንዲቀድም፣ የኩብራ ፊልም ከኋላ ወረፋ እንዲይዝ አደረጉ። ኩብራ ይህን ስትሰማ «ይሄ ግፍ ነው» አለች። ሲያልቅ ጃዕፈር ዑሙልኸይርን አክስቷ ዘንድ ድሬዳዋ በቪዲዮ አስደወላትና፣ ወሬው መሃል ላይ ሳይነግራት ዋናውን መስመር ነቀለው።

የአክስቷ ፊት ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠሉ። «…እና ልጁ እንዴት ነው ታዲያ፣ ቁመናው ያምራል?»

ሳሎኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰማ። ዑሙልኸይር በአንድ በኩል በሀፍረት፣ በአንድ በኩል በደስታ ሳቀች። ጃዕፈር የተነቀለውን ገመድ በእጁ እንደያዘ ሳቋን ሲያይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር አንድም ጥሪ አልተቋረጠባትም። ጃዕፈር በየሁለት ቀኑ ይደውላል።

«መስመሩ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ባትሪውስ?»

«እሱም ደህና ነው።»

ከዚያ ዝም ይባባላሉ። ስልኩን የሚዘጋ ግን የለም። አንድ ቀን እንዲህ ዝም ተባብለው ሳለ «ዑሙልኸይር፣ ሽማግሌ ልላክ?» አላት። እሷም ልክ እንደ መስመሩ ሁሉ «ደህና ነው» ብላ መለሰች። ሁለቱም ሳቁ።

አባቷ ስላረፉ ነገሩ የሚወሰነው ሂርና በሚኖሩት በአጎቷ በአብዱልቃዲር ዘንድ ነበር። ጫት ነጋዴ ናቸው፣ ቁጡ፣ ግን የወንድማቸውን ልጆች እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚያዩ። የአባት ወንድም በመሆናቸው በቤቱ ወግ «አዴራ» ነው የሚሏቸው። አዴራ አብዱልቃዲር ሽማግሌ የሚቀበሉበትን ቀን ቆረጡ።

ሊቀበሉ አሥር ቀን ሲቀራቸው፣ አንድ ጠዋት ጃዕፈር ደወለ። ድምፁ ደስታ ነበረበት።

«ጠዋት መስመርሽ ሁለት ጊዜ ተቋርጦ ነበር፣ አይተሻል? አሁን አስተካክዬዋለሁ።»

«ከየት ሆነህ ነው ያስተካከልከው?»

«ከሱቅ።»

«እንዴት ገባህ?»

ዝምታው አሁን የቀድሞው ዓይነት አልነበረም። ጃዕፈር ቀስ ብሎ ነገራት። ራውተሩን የሠሩ ዕለት፣ ብልሽት ቢመጣ ከሱቁ ሆኖ ለመርዳት የሚገባበት መንገድ አብሮ አስገብቶ ነበር። ከዚያ ሊነግራት አሰበ፣ ከዚያ ረሳ፣ ከዚያም መንገር ከበደው።

«ንግግርሽን ማንም መስማት አይችልም» አላት በጥድፊያ። «ወላሂ፣ እሱ ተመስጥሮ ነው የሚያልፈው። እኔ የማየው መስመሩ መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ። አንተው ነህ ያስተማርከኝ» አለችው። «ግን በዚያ መስመር ላይ የሚያልፈው የሰው ሕመም ነው፣ ጃዕፈር። ከእኔ በቀር ማንም የለም ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሁለት ወር ሙሉ ውሸታም አድርገኸኛል፣ እኔ ሳላውቀው።»

ስልኩን ዘጋችው። ሄዳም የራውተሩን ገመድ ነቀለች።

በዚያው ቀን ለአሠሪዎቿ የሆነውን ሁሉ ጻፈች። ሳትጽፍ ብትቀር ማንም አያውቅም ነበር፤ እናቷም ይህንኑ ነገሯት። እሷ ግን ጻፈች። መልሱ በማግስቱ መጣ። ስለ እውነተኛነቷ አመስግነው፣ መስመሯ ከሌላ ሰው እጅ ነጻ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ጥሪ እንደማትቀበል ገለጹላት።

ወሬው በኩብራ አፍ ሂርና ደረሰ። አዴራ አብዱልቃዲር ስልኩን በጩኸት ሞሉት። «የእኔ ወንድም ቤት ውስጥ ዓይን ያስቀመጠ ሰው? ሽማግሌዎቹ መንገድ እንዳይደክማቸው!»

ዑሙልኸይር አልተከራከረችም። ክፍሏን ዘግታ፣ ያን ቅዳሜ የጻፈችበትን ደብተር አወጣች። ራውተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍታ ከባዶ ለመሥራት ወሰነች። ማንንም ሳትጠይቅ።

የመጀመሪያው ቀን ከንቱ ቀረ። ሶፍትዌሩ ተጫነ፣ መብራቶቹ በሩ፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ደብተሩን ደጋግማ አነበበች። ሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ጃዕፈር የግቢው በር ድረስ መጥቶ ለወይዘሮ ፋጤ የታሸገ ፖስታ ሰጣቸው። ግባ አላሉትም፣ እሱም ልግባ አላለም። ዑሙልኸይር ፖስታውን ተቀብላ ሳትከፍት ትራስ ሥር አኖረችው። ችግሩ ምን እንደሆነ እዚያ ውስጥ ተጽፎ እንደሚሆን ጠርጥራለች። ብትከፍተው ደግሞ የጨረሰው እሱ ይሆናል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሻይዋን ይዛ ትንሿን ኮምፒዩተር ስታይ ቆየችና በድንገት ሳቀች። ሁለቱ ቀዳዳዎች ተቀያይረዋል። የውጭውን መስመር የሰካችው የቤቱ ቀዳዳ ላይ ነበር። አቀያየረችው። ኩብራ ከጓዳ «መጣ! መጣ!» እያለች እየጮኸች ወጣች። ዑሙልኸይር የእህቷን ቀይ የጥፍር ቀለም ተቀብላ፣ ዳግም እንዳትሳሳት ከውጭው ቀዳዳ በላይ አንዲት ነጥብ አደረገች። ከዚያ በኋላ ያለውን በሙሉ ራሷ ዘጋች፤ የይለፍ ቃሉን ራሷ መረጠች፤ የሠራችውን ገጽ በገጽ ለአሠሪዎቿ ላከች።

ፖስታውን የከፈተችው ያን ጊዜ ነው።

በእጅ የተጻፈ ሁለት ገጽ ነበር። በመጀመሪያው ገጽ ራውተሩ ውስጥ ያስገባውን ነገር ሁሉ አንድም ሳያስቀር ዘርዝሯል፤ እንዴት እንደሚጠፋ፣ ጠፍቶ እንደሆነም እንዴት እንደሚረጋገጥ። እሱ ዘንድ የነበረውን መግቢያ ማጥፋቱንም ጽፏል። ሁለተኛው ገጽ አጭር ነበር።

«አርባ አንድ ጊዜ ገብቻለሁ። ስድስቱን ጊዜ መስመሩ ታሞ ነበር፣ ላስተካክል ነው የገባሁት። ሠላሳ አምስቱን ጊዜ መስመሩ ምንም አልሆነም። ሥራ መጀመርሽን ለማየት ነው። ገጹ ላይ የኮምፒዩተርሽ መብራት ስትበራ ‹ተነሥታለች፣ ደህና ናት› እላለሁ። ይህን ጥፋቴን እንዲያቀልልኝ አይደለም የምጽፈው። የባሰው ጥፋት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አንቺ ለአሠሪዎችሽ ሁሉን መንገርሽን ከኩብራ ሰምቼ፣ እኔ ግማሹን ብቻ ልነግርሽ አልወደድኩም።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ተናደደች። ከዚያ ደግሞ፣ ሳትፈልግ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ሄደች። ጃዕፈር ሲያያት ከመቀመጫው ተነሣ። ሦስት ቀን ያልተላጨ ፂም አገጩን ሸፍኖታል። እሷ አግዳሚው ላይ አልተቀመጠችም።

«ሠራሁት» አለችው። «ብቻዬን።»

«ሰምቻለሁ። ኩብራ ነገረችኝ።» ትንሽ ፈገግ ሊል ሞከረ፣ አልሆነለትም። «ቀዳዳዎቹ…?»

«አዎ፣ ቀዳዳዎቹ። አግኝቼዋለሁ።»

በመንገዱ ላይ ከቦኬ ገበያ የሚመለስ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ።

«ሠላሳ አምስት ጊዜ» አለች ዑሙልኸይር።

ራሱን ዝቅ አደረገ። «አዎ።»

«ስልክ አለህ አይደል?»

«አለኝ።»

«ታዲያ በየሁለት ቀኑ ስለ መስመሩ ስትደውል፣ ስለ እኔ ለምን አትጠይቅም? ‹ተነሥተሻል ወይ፣ ደህና ነሽ ወይ› ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል?»

«እንዳትሰለቺኝ ፈራሁ። መስመሩ ሰበብ ይሆነኝ ነበር፤ መስመሩ ደህና ከሆነ ደግሞ… ሰበብ አጣሁ።»

ዑሙልኸይር ፊቱን አየችው። የምታውቀው ሰው ነው፤ ቃል ሲያጣ አንገቱን የሚያክ፣ የጠየቁትን ሳይደብቅ የሚመልስ፣ አንድ ጊዜ ግን ሳይጠየቅ ሊናገር የሚገባውን ያልተናገረ።

«ከእንግዲህ ጠይቀኝ» አለችው። «ስለ እኔ ማወቅ የምትፈልገውን ሁሉ እኔን ጠይቀኝ። ከመለስኩልህ መለስኩልህ፤ ካልመለስኩልህ ትተዋለህ።»

«እሺ።»

«እሺ ብቻ?»

ጃዕፈር ቀና አለ። «ዑሙልኸይር፣ ደህና ነሽ?»

«አልነበርኩም» አለች። «አሁን ግን ደህና እየሆንኩ ነው።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጃዕፈር ሱቁን ዘግቶ ለብቻው ሚኒባስ ተሳፈረ። የት እንደሄደ ለማንም አልተናገረም፤ ለእሷም ጭምር። እሷ ያወቀችው ከሳምንት በኋላ ነው፤ አዴራ አብዱልቃዲር ሳይታሰብ ከሂርና መጥተው ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጠው «ሽማግሌዎቹ ጁምዓ ከሰላት በኋላ ይምጡ» ባሉ ጊዜ።

ወይዘሮ ፋጤ ግራ ገባቸው። «አይሆንም ብለው አልነበር እንዴ?»

«ብዬ ነበር።» አዛውንቱ መቁጠሪያቸውን በጣታቸው አንከባለሉ። «ልጁ መጋዘኔ ድረስ መጣ። ሠራተኞቼ ሁሉ ፊት ቆሞ ያጠፋውን ነገረኝ። እኔ የሰማሁትን ብቻ አይደለም፣ ያልሰማሁትንም ጨመረበት። ሠላሳ ምናምን ጊዜ ነው ያለው…» ዑሙልኸይርን በጎን አይተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰደብኩት። አልመለሰልኝም። ውጣ አልኩት። ‹እወጣለሁ፣ ግን ስሟን ማንም እንዳያነሳ፤ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው› ብሎኝ ወጣ። እኔ ጢሜ እስኪሸብት ስነግድ ጥፋቱን የሸሸገብኝ ብዙ ሰው አይቻለሁ። ራሱ ይዞ የመጣልኝ አላየሁም።»

ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺስ? የተበደልሽው አንቺ ነሽ። እኔ እሺ ብል አንቺ እምቢ ካልሽ እምቢ ነው።»

ኩብራ እንኳ ስልኳን አስቀመጠች።

«አዴራ፣ ተጣልተን ነበር» አለች ዑሙልኸይር። «ጠይቄው መልሶልኛል። እኔም ይቅር ብዬዋለሁ። እሺ ብያለሁ።» ቀጥላም ራሷን ቀና አድርጋ «ግን የይለፍ ቃሉ ከእኔ ጋር ይቆያል» አለች።

አዴራ አብዱልቃዲር ይህ የይለፍ ቃል የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ በቅጡ አልገባቸውም። ቢሆንም «ይቆያል! በሽማግሌ ፊት አስምልልሻለሁ!» አሉና ጉልበታቸውን መቱ። ወይዘሮ ፋጤ እየሳቁ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። በዚያው ሳምንት ከአሠሪዎቿ ደብዳቤ መጣ፤ ሥራዋን መቀጠል እንደምትችል የሚገልጽ።

ኒካሑ የታሰረው ከረመዳን በፊት ነው። የጃዕፈር አባት ከአልጋ ተነሥተው፣ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው መጡ። ሙሽሮቹ ከሱቁ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ገቡ፤ ራውተሩንም አብረው ወሰዱት። ኩብራ ለአንድ ሳምንት አኮረፈች።

ሐኪሞቹ ይደውላሉ፤ ዑሙልኸይር ታስተረጉማለች። አንዳንድ ቀን የምስራች ታደርሳለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ መርዶ። መርዶ ያደረሰችበት ቀን ከሆነ ማዳመጫዋን አውልቃ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ጃዕፈር ምን እንደሰማች አይጠይቃትም፤ እንደማትነግረው ያውቃል። ሥራዋ ሲያልቅ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ከሱቁ ይመጣል። የክፍሏ በር ብዙ ጊዜ ክፍት ነው፤ ሙቀት ስላለ አትዘጋውም። እሱ ግን ደፉ ላይ ይቆምና በጣቱ ቀስ አድርጎ ያንኳኳል። «ደህና ነሽ?» ይላታል።

አንዳንዴ ወዲያው ትመልስለታለች። አንዳንዴ ትንሽ ታስጠብቀዋለች። እሱም ሻዩን ይዞ ይጠብቃል።

«ግባ» ትለዋለች።